ሩቅ ያለው ፈታሽ

«ዛሬ አንተ አርፈህ ተቀመጥ» አለችው ዌዚ የኮምፒውተር ክበባቸውን ላፕቶፕ፣ ክዳኑን እያሻሸች።

አሮጌ ነው። እሷና ጓደኛዋ ኩምቦ የሚጽፉት ፕሮግራም ምዌራ የሚባለው አደገኛ የደቡብ ነፋስ ሐይቁ ላይ ሲነሳ ለከተማቸው ለንካታ ቤይ ዓሣ አጥማጆች የስልክ መልእክት ይልካል። ኮዱን ትንሽ በነካኩት ቁጥር ግን ሁሉንም እንደ አዲስ መፈተሽ አለባቸው። ያኔ ላፕቶፑ ይግላል፣ ያጓራል፤ እነሱም ትተውት ወደ ዳርቻው ይወርዳሉ። ለመድረቅ የተሰጣው የኡሲፓ ዓሣ ሽታ እየመጣባቸው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውና ሰማዩ የት ጋ እንደሚገናኙ ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ ፍተሻው ሳያልቅ ይመሻል።

ዛሬ ዌዚ ሥራውን ለሌላ ሰጥታዋለች። ከእንግዲህ ኮድ በላኩ ቁጥር የሆነ ሩቅ አገር ያለ ኮምፒውተር ራሱ ተቀብሎ ይፈትሻል፤ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ምልክት ይመልሳል። ያለበትን ክፍል በሐሳቧ ሳለችው፤ ቀዝቃዛ፣ ጸጥ ያለ፣ ጥቃቅን መብራቶች የሚብለጨለጩበት።

መጀመሪያ የላከችለት ትናንት ኩምቦ ብቻውን የሠራውን ነው። «ሁሉንም ፈትሼዋለሁ» ብሏታል። ነገ ጠዋት ወደ አጥማጆቹ ስልክ ይገባል።

ቀይ።

ምክንያቱን አነበበች። ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ ፕሮግራሙ ዝም ይላል።

«ኩምቦ፣ ትናንት የእውነት ፈትሸኸዋል?» አለች፣ ከኋላዋ ወደቆመው ጓደኛዋ ዞራ።

«አዎ አልኩሽ እኮ!» ምልክቱን ሲያየው ድምፁ ወረደ። «ማለቴ... ጀምሬው ነበር። ላፕቶፑ ግማሽ ላይ ቀጥ አለብኝ። አጎቴ ደግሞ ነገ ይጀምራል ብሎ ለጀልባ ሰው ሁሉ አውርቷል። ምን ላድርግ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አቦ አታካብጂ! ያቺን አንዷን ፍተሻ አጥፊያት፣ አረንጓዴ ይሆናል። በኋላ እናስተካክለዋለን። ማን ያያል?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አያይም። በመስኮቱ አሻግራ ተመለከተች። ሐይቁ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል፤ ጀልባዎቹ ውሃ ላይ ሳይሆን አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። አንዷ የኩምቦ አጎት ጀልባ ነች።

ዌዚ ወደ ላፕቶፑ ዞረች። ቀይ ምልክት ያለበት ኮድ ወደ ስልኮቹ እንዳያልፍ የሚከለክለውን መቆለፊያ ፈልጋ አገኘችና አበራችው። «ለአስተዳዳሪም ጭምር?» ሲል ላፕቶፑ ጠየቃት። አስተዳዳሪዋ እሷ ነች፤ እሺ ካለች እሷም ራሷ ልታልፈው አትችልም። እሺ አለችው።

«ምንድነው የምትሠሪው?»

ወንበሯን ገፋ አድርጋ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።

«ለአጎትህ አብረን እንነግረዋለን» አለችው። «መጀመሪያ ግን ና ተቀመጥና የደቡቡን ነፋስ የት ጋ እንደጻፍከው አሳየኝ።»