ገደል ሥር የተገኘው ካሜራ

የጀይሉን አስከሬን ያገኙት ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ነበሩ። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ካለው ገደል ሥር፣ ካሜራው አንገቱ ላይ እንዳለ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ሴቶቹ ሳይነኩት ፖሊስ ጠሩ። ነገሩን እንዲያጣራም መቶ አለቃ እንድሪስ ከደሴ ተላከ። ጊዜው ግንቦት 1957 ዓ.ም. ነው።

እንድሪስ ከቀብር በኋላ የሟቹን ሦስት ጓደኞች እዚያው ጀይሉ ቤት ሰበሰበ። አስተማሪዋ ዓዲላ፣ ልብስ ሰፊው ኑርሁሴንና የጤና ረዳቱ በሽር በየጁምዓው እዚህ እየተገናኙ ፎቶ ማንሳትና ማጠብ ይማማሩ ነበር። አሁን እርስ በርስ ለመተያየት እንኳ ፈርተዋል።

«እኔ ከሩቅ አይቼዋለሁ» አለ በሽር። «ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደግኖ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ገደል ገባ። ጮኼ እንኳ አልደረስኩለትም።»

«ጀይሉ?» አለች ዓዲላ። «ወደ ኋላ ከመራመዳችሁ በፊት ዞራችሁ እዩ እያለ ሲቆጣን የኖረው እሱ አይደል?»

እንድሪስ ካሜራውን ከሟቹ አንገት ላይ እንደወረደ፣ የቆዳ ማኅደሩ እንደተቆለፈ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

በሽር እጁን ዘረጋ። «ፊልም ይኑረው አይኑረው ልክፈትና ልይልዎት።»

«ተው! ብርሃን ይገባበታል!» ብሎ ኑርሁሴን ጮኸ።

እንድሪስ የበሽርን እጅ ያዘ። «አጥባችሁ አሳዩኝ» አላቸው።

ፊልሙ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ፎቶውን ወረቀት ላይ ለማተም በርና መስኮቱን ዘግተው ፋኖሱን በቀይ ጨርቅ ሸፈኑት። ከመካከላቸው ገዳይ ካለ በዚህ ጨለማ ከዓዲላ አጠገብ ቆሟል። የኬሚካሉ ሳህን ውስጥ የተነከረው የፎቶ ወረቀት ቀስ በቀስ ጠቆረ፤ መጀመሪያ ግመሎች፣ ቀጥሎ ሳጥኖች፣ በመጨረሻም ሳጥን የተሸከመ ሰው ታየ። ዓዲላ ፊቱን ለየችው። ያ ሰው ትከሻው ትከሻዋን እየነካት ነበር።

«ያ አላህ!» ብላ ወደ በሩ ሮጠች።

በሩን ከፈተችው። እንድሪስ ፎቶውን በብርሃን አይቶ ወደ በሽር ዞረ።

«ፎቶ ሲያነሳ የወደቀ ሰው ማኅደሩን በአየር ላይ አይቆልፍም። ስለዚህ አየሁ ያልከው ውሸት ነው። ፊልም በብርሃን እንደሚበላሽ ጠንቅቀህ እያወቅክ ደግሞ ልክፈተው አልክ። ፊልሙ ላይ የሚያስፈራህ ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ። ይኸው፣ ሳጥኖቹ ላይ እንደተጻፈው፣ ለጨፋ ሮቢት የወባ በሽተኞች የመጣውን መድኃኒት ለነጋዴ ስታስጭን ተነስተሃል። ጀይሉን ገፍተህ ጣልከው። ወርደህ ካሜራውን ሳትወስድ ግን ሴቶቹ ቀደሙህ።»

በሽር ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ጀይሉ፣ መድኃኒቱን እስከ ጁምዓ ከመለስክ ለማንም አልናገርም አለኝ። አላመንኩትም። ወላሂ፣ ፈራሁ!»

«ሳጥኖቹስ?»

«ባቲ፣ ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ናቸው።»

በማግስቱ ሳጥኖቹ በፖሊስ መኪና ጨፋ ሮቢት ደረሱ። ኑርሁሴንና ዓዲላ ለማራገፍ አብረው ሄዱ። አሻ የምትባል እናት በትኩሳት የሚቃጠል ልጇን አቅፋ ክኒኑን ተቀበለች።

«ለማን ዱዓ ላድርግ፣ ልጆቼ?» አለቻቸው።

ኑርሁሴን «ለጀይሉ» አላት።