ያልገባው ወር

በሰርማዳ ደሴት ወር የሚገባው በመለከት ነበር። አዲሷ ጨረቃ በምዕራብ ብቅ ስትል፣ ሳትጠልቅ፣ የወር አዋጅ ነጋሪው ከገደሉ ጫፍ ቆሞ ነጩን መለከት ይነፋል፤ የወሩን ስም ይጠራል። ወደ ምድር ገፍቶ የመጣው ባሕርም ድምፁን ሰምቶ ወደ ስፍራው ይመለሳል። የጥንት ነገሥታት ከባሕሩ ጋር የተማማሉት እንዲህ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን አሮጌው ወር አልቆ ጨረቃ በጠፋችበት ሰሞን፣ ኦርጋም የተባለው የባሕር ዘንዶ መለከቱን ሰርቆ በዋሻው ሸሸገው። ውኃው የገበያውን ደረጃ ዋጠ፤ ደጃፎቹን ይልስ ጀመር። እናቶች ልጆቻቸውን ጣሪያ ላይ አውጥተው ሰማይ ሰማዩን ያዩ ነበር። ጨረቃዋ ወጥታ የሚነፋ ቢጠፋስ?

የአዋጅ ነጋሪው የሲሮም ልጅ ናሩማ በንጉሡ ፊት ተንበረከከች።

«ግርማዊ ሆይ፣ ዘንዶው ጨረቃ እስክትወጣ ይተኛል። መለከቱን ሳልይዝ ብመለስ ባሕሩ ይብላኝ!»

«ማን ይቀዝፍልሻል?»

«እኔ እቀዝፍላታለሁ» አለ እጮኛዋ ገልሞ።

ሲሮም ጀልባዋ ድረስ ሸኛቸው። «ልጄ፣ ባሕሩ ሲመለስ በላዩ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ገልሞ ከጀልባ ሳይወርድ እንዳትነፊ» አላት።

ዋሻው ውስጥ ኦርጋም መለከቱን በጅራቱ ጠምጥሞ ተኝቶ ነበር። ናሩማ ትንፋሿን ውጣ፣ እጇን በቀዝቃዛው ቅርፊት መካከል ሰድዳ ቀስ አድርጋ ሳበችው። ሲመለሱ ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ገጠማቸው። የገልሞ መዳፍ ደማ። ገደሉ ሥር ሲደርሱ ፀሐይ ጠለቀች፤ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ጨረቃም ታየች። ከኋላቸው ባሕሩ ፈላ፤ ኦርጋም ነቅቶ ነበር።

«ውረጂ! ሩጪ!» አለ ገልሞ።

«አንተስ?»

«ሁለታችንም ከወረድን አንቺን ይከተላል። ወደ እኔ ላዙረው።» ጀልባዋን ወደ ጥልቁ መለሳት።

ናሩማ እየተንሸራተተች ገደሉን ወጣች። ከላይ ስታይ ዘንዶው ጀልባዋን ይዞራታል፤ በከተማው ውኃው ጣሪያ ነክቷል። ጨረቃዋ ልትጠልቅ ነው። መለከቱን ወደ አፏ አስጠጋች፤ መልሳ አወረደችው።

«ናሩማ!» አለ የገልሞ ድምፅ ከታች። «እኔን አትይ፤ ንፊ!»

ነፋች። ባሕሩ እያገሳ ተመለሰ፤ ኦርጋምንም፣ ትንሿን ጀልባም ይዞ ሄደ።

«የሐልማ ወር ገባ!» ብላ ጮኸች።

ሕዝቡ በእልልታ ወጣ። ንጉሡ የወርቅ ሐብል ይዞ ቀረበ፤ እሷ ግን አላየችውም። በጭቃው ውስጥ ቆማ ባሕሩን ወደምትቃኘው ወደ ገልሞ እናት ወረደች።

«ወሩ ገባ፣ ልጄ?»

«ገባ፣ እማማ።»

«ገልሞስ?»

ናሩማ ወደ ባሕሩ ዞረች። አሮጊቷ፣ «ዛሬ የሐልማ መባቻ ነው» አለች። «የሄደበትን ቀን አውቀዋለሁ ማለት ነው፤ በየዓመቱ እዘክርለታለሁ።»

ናሩማ አቅፋት ጭቃው ላይ አብራት ተቀመጠች።