ስድስተኛው ዘፈን

ሲክስተን ሃልበሪ ከጀልባ ማሰሪያው አጠገብ፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ከኋላ በኩል ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ ተፈርክሷል። ከንፈሩ ላይ የቀረው ነገር ፈገግታ ስለሚመስል፣ ሬሳውን ያወጡት ፖሊሶች ፊቱን ቶሎ ሸፈኑት።

መርማሪ ጉንቮር ስቴንሉንድ ሸራውን መልሳ ገለጠችው። ሽበታም፣ ቀጭን ሴት ናት። ሬሳ ስታይ አታማትብም፣ በረጅሙ አትተነፍስም፤ ዝም ብላ ታያለች።

«አዳልጦት ይሆን?» አለች ሐኪሙን።

«ያዳለጠው ሰው ደረቱ እንዲህ አይሆንም።» ሐኪሙ ሸሚዙን ከፈተላት። ሁለት የቀሉ ምልክቶች፣ የመዳፍ ያህል፣ ጎን ለጎን። «ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ነው በሁለት እጁ የገፋው።»

ከጎተንበርግ ባሕር ዳርቻ ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ድንጋያማ ደሴት ላይ ከሲክስተን ቤት በቀር ቤት የለም። በዚያ ቀን ከሟቹ ጋር የነበሩትም ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሲክስተን የጋበዛቸው በኮምፒውተር ያቀናበረውን አዲሱን የኤሌክትሮፖፕ ሙዚቃ አልበሙን ከማንም በፊት እንዲሰሙለት ነው። ምሳ አበላቸው፤ ስልካቸውን ሰብስቦ ቅርጫት ውስጥ ከተተ፤ የሳሎኑን መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ለእያንዳንዳቸው ትልልቅ የጆሮ ማዳመጫ ሰጣቸው። አልበሙ እስኪያልቅ መነጋገር ክልክል ነው። እሱ ራሱ ሙዚቃውን ከፍቶላቸው ወደ ባሕሩ ወጣ። ልማዱ ነበር፤ ሲያልቅ ይመለስና የሰሚዎቹን ፊት ያያል።

ያን ቀን ግን አልተመለሰም።

ጉንቮር ሦስቱንም ተራ በተራ ወደ ወጥ ቤት አስጠራች። መጀመሪያ የገባችው የሙዚቃ አሳታሚው ድርጅት ኃላፊ ሊሴሎት ነበረች። ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት።

«እንኳን ደስ ያለህ ልለው ነበር የወጣሁት» አለች። «ከዚያ በፊት ከወንበሬ አልተነሳሁም።»

«ሌሎቹስ?»

«በጨለማ፣ ጆሮዬ ተደፍኖ? ጣሪያው ቢወርድ አልሰማም ነበር።»

«አልበሙ እንዴት ነው?»

ሊሴሎት ጥያቄው ሳይገርማት አልቀረም። «ግሩም ነው። ስድስተኛው ዘፈን ላይ ብቻ ልጣላው አስቤ ነበር። ደወልና ከበሮ ብቻ። አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አይልም። ማን ይሰማዋል እንዲህ ያለውን?»

«ምሳ ላይ የተባባሉት ነገር ነበር?»

«ኧረ ቀልድ ነው። አብራው የምትዘፍነውን፣ ሦስተኛዋን እንግዳ ቱቫን፣ ‹የተውኳት ቀን እንደዘፈነችው አሳምራ ዘፍና አታውቅም› አላት። ሳቅን።»

«ቱቫም ሳቀች?»

«እሷማ ሳህኗን እያየች ነበር።»

ቀጥሎ ድምፅ የሚያቀናብረው ቪዳር ገባ። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል፤ ግን ከሲክስተን ጋር ከተጣላ ሰንብቷል። ሲክስተን የቪዳርን ስም ከአልበሙ ሽፋን ላይ አውጥቶበታል።

«ጠልተኸው ነበር?»

«አዎ» አለ ቪዳር። «ግን ጠላሁት ብዬ ሥራውን አልጥልም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከእንቅልፌ ቀስቅሶ አንዱን ዘፈን አስቀይሮኛል። ለማንም እንዳልናገር አስምሎ።»

«የትኛውን?»

ነገራት። ጉንቮር የእግሩን የሱፍ ካልሲ እያየች ነበር። ጫማ በር ላይ በሚወለቅበት በዚያ ቤት ሊሴሎትም እንደዚሁ ካልሲ አድርጋለች።

ቱቫ የገባችው በባዶ እግሯ ነበር።

አገሩ ሁሉ የሚያውቃት ዘፋኝ ናት። ከሲክስተን ጋር ሁለት ሆነው ዘፍነዋል፣ አብረው ኖረዋል። በክረምት ትቷት ሌላ ሴት ያዘ። ሥራቸውን ግን አላቆሙም።

«አይበርድሽም?» አለች ጉንቮር።

«ለምጄዋለሁ።»

«ስድስተኛው ዘፈን ላይ ድምፅሽ አለ ይባላል።»

«ድምፅ አይደለም እሱ። የተወኝ ቀን ስልክ ላይ አለቀስኩ። አትሂድ፣ የፈለግከውን እሆንልሃለሁ እያልኩ። ለካ እየቀዳኝ ነበር። ከበሮ ጨመረበትና ዘፈን አደረገው። አውጣልኝ ብዬ ስንቴ እግሩ ላይ ወደቅኩ።»

«ዛሬም ሰማሽው?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሰዎች አጠገቤ ተቀምጠው እንደ ውሻ ሳላዝን ሲሰሙኝ፣ እኔም ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ከዚህ በላይ ምን ልንገርዎት?»

«ይበቃል» አለች ጉንቮር በለሰለሰ ድምፅ። «ሳሎን ጠብቂኝ።»

ፖሊሶቹ ቤቱን ፈተሹ። ከሳውናው ምድጃ ጀርባ እርጥብ የሱፍ ካልሲ ተገኘ፤ የባሕር ሣር እንደተጣበቀበት ነው። ጉንቮርም የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቃ ስድስተኛውን ዘፈን ብቻዋን ሰማች። ዓይኗን ጨፍና ሁለተኛ ሰማችው። ከዚያ መስኮቶቹን አስገልጣ ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«የገደለው ሰው ሲክስተን የት እንደሚቆም ያውቃል» ብላ ጀመረች። «ያንን ሦስታችሁም ታውቃላችሁ። ጨለማ ስለነበር ማን እንደወጣ ማንም አላየም። ስለዚህ ማን ወጣ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ምን ሰማችሁ ነው ያልኩት። ቪዳር አልበሙን የሠራው ራሱ ነው፤ ሳይሰማም ሊነግረኝ ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ እሱን የጠረጠርኩት።»

ቪዳር ቀና አለ።

«ግን የቪዳር ካልሲ ደረቅ ነው። ሊሴሎት ደግሞ የነገረችኝ ዘፈኑ ላይ በትክክል ያለውን ነው። ቁጭ ብላ ካልሰማች በቀር ልታውቀው የማትችለውን።» ወደ ማጫወቻው ሄደች። «ቱቫ፣ አንቺ የነገርሽኝን አሁን አብረን እንስማ።»

«እባክዎ» አለች ቱቫ። «እዚህ ሰው ፊት አይሆንም።»

ጉንቮር ከፈተችው።

ቱቫ ጥፍሮቿን ጭኗ ላይ ተክላ ጠበቀች። ደወል መጣ፤ ከበሮ ተከተለው። ልቅሶው መግባት የነበረበት ቦታ ደረሰ። ደወሉ ብቻ ቀጠለ፤ ቀስ እያለ፣ ንጹሕ ሆኖ። ቱቫ አንገቷን አዘንብላ አዳመጠች። ፊቷ ላይ ያለው ደም እየሸሸ ሄደ።

«የት አለ?» አለች በሹክሹክታ።

«ዛሬ ጠዋት ወጥቷል» አለች ጉንቮር። «ዘፈኑን ሰምተሽው ቢሆን እንደሌለበት ታውቂ ነበር። ሰማሁ ያልሽው የድሮውን ነው። ዘፈኑ ሲጀምር አንቺ እዚህ አልነበርሽም፤ ውሃው ዳር ነበርሽ። ጫማ ሳታደርጊ የወጣሽበትን እርጥብ ካልሲሽን አግኝተነዋል።»

ማንም አልተነሳም። ቱቫ ወደ ቪዳር ዞረች።

«እውነት ነው?»

«‹አውጣው፣ ይበቃታል› አለኝ» አለ ቪዳር ዓይኗን ሳያይ።

«ታዲያ ምሳ ላይ ለምን ተሳለቀብኝ?»

«ለመጨረሻ ጊዜ ሊያሳርርሽ ነዋ። ከዚያ ልቅሶው መውጣቱን ሰምተሽ ስትጨርሺ ገብቶ ፊትሽን ሊያይ ነበር።»

ቱቫ እጆቿን እያየች ተናገረች። «አሁኑኑ አጥፋው ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ‹ሄደሽ ስሚው› አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ሄደሽ ስሚው። ገፋሁት።» ወደ ጉንቮር ቀና አለች። «ልቅሶው መውጣቱን ወጥ ቤት ውስጥ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር እኮ።»

«እችል ነበር» አለች ጉንቮር። «ግን ትክጂ ነበር።»

ዘፈኑ አልቆ ሰባተኛው ጀመረ። ሞቅ ያለ፣ ለጭፈራ የሚሆን ነው። አንዱ ፖሊስ አጠፋው።

በሩ ላይ፣ ቱቫ እጇ በካቴና ስለታሰረ ጫማዋን ማሰር አልቻለችም። ጉንቮር ተንበርክካ የጫማዋን ክር ያዘች። ከኋላቸው፣ ሳሎን ውስጥ፣ ሊሴሎት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። ዝቅ ያለ ድምፅ ግን ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ይሰማል።

«ቪዳር፣ የመጀመሪያውን ቅጂ፣ ልቅሶው ያለበትን፣ አጥፍተኸዋል?»

ቪዳር የያዘውን የጆሮ ማዳመጫ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ።

«ከዛሬ በኋላ ሰው ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው» አለች ሊሴሎት። «ስምህንም ሽፋኑ ላይ እመልሰዋለሁ።»

ቱቫ አልዞረችም። ትንፋሿን ይዛ መልሱን ትጠብቃለች።

«አላጠፋሁትም» አለ ቪዳር።

ጉንቮር ክሩን አጥብቃ ቋጠረችው። ከዚያ ተነስታ፣ ቱቫን በክንዷ ይዛ ወደ ጀልባው ወረደች።