ዓሣው ሳይደርቅ ወረደ

በረዶ ሻጩ ጆንያውን እንደተሸከመ ቆመ።

«ሴትዮ፣ በረዶ?»

«ውሃ ነው እንጂ የምትሸጠው። ትናንትም ቀልጦ ነበር።»

«ለጨው ቤት ቅናሽ አለኝ።»

ምልክቱ ይኸው ነው። ሮሼና እጇን ዘረጋች። በረዶው መሃል በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አለ። ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። ሰውየው ዞር ሳይል ሄደ።

የሱ የምስጢር ስም «ሸራ» ነው። የሷ «ጨው»። እውነተኛ ስማቸውን አይተዋወቁም።

በዚህ በኮክስ ባዛር የባሕር ዳርቻ፣ በሐጂ ቶራብ ዓሣ ማስጫ ዓሣ ስትሰነጥቅ ሰባት ወሯ ነው። የላካት የስለላ ቢሮ ነው። አምና አርባ ሁለት ሰው «አምስት ቀን ሰላም ነው» የሚል የባሕር ትንበያ አምኖ ወጣ፤ አልተመለሰም። ትንበያው ከከተማ ሲነሳ ማዕበል ይል ነበር። መንገድ ላይ ሰው ቀይሮታል። ሐጂው የኮንትሮባንድ ጀልባውን የሚያሳልፈው ባሕሩ በዓሣ አጥማጅ ሲሞላ ነው። የባሕር ጠባቂዎቹ ማንን ከማን ይለያሉ?

የሷ ሥራ ቀያሪውን ማግኘት ነው። ሬዲዮኑ የሚናገረው የዕለቱን ብቻ ነው። የአምስት ቀኑ በወረቀት መጥቶ ሐጂው በር ላይ ይለጠፋል። «ሸራ» ደግሞ ለሷ እውነተኛውን ቅጂ ያመጣላታል፣ እንድታስተያይ።

ከጨው ክምሩ ጀርባ ሆና አነበበች። አምስት ቀን ቀላል ነፋስ፣ ጥሩ ባሕር። በሩ ላይ ያለውም ቃል በቃል እንደዚያው ነው።

ተመስገን አለች በልቧ።

ጆይቱን እየሮጠች መጣች። ከጎኗ የምትሠራ ሴት ናት። ሮሼና መጀመሪያ የመጣች ቀን ሩዟን አካፍላ ያበላቻት እሷ ናት።

«እህቴ፣ አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ። ልጄ ሞክሌስ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። እኔ እሺ ካላልኩት አይወጣም፣ ጢም አብቅሎም እናቱን ይፈራል። በሩ ላይ የተለጠፈውን አላምነውም። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ምንም ማለት አልነበረባትም። የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው።

«ይሂድ» አለች። «ደህና ነው።»

«ካልሽ እሺ። ቢሰምጥ ካንቺ ነው የምቀበለው!» ብላ ሳቀች።

የሞክሌስ ጀልባ «ባዶር! ባዶር!» እያለ የባሕሩን ቅዱስ ጠርቶ ወጣ። ሌሎቹ ሠላሳ ጀልባዎች የባሕሩ ውሃ እስኪሞላ፣ እስከ ቀትር ይቆያሉ።

ሁለት ሰዓት አለፈ። ካቦው እየጮኸ መጣ።

«ዓሣውን አውርዱ! በሙሉ! ወደ መጋዘን!»

«ምን ነካህ? ትናንት የሰቀልነው እኮ ነው!»

«ይገማብሃል!» አለች ሌላዋ ሴት።

«ሐጂ ናቸው ያሉት። ምላስሽን ሰብስበሽ አውርጂ።»

ሮሼና አንዱን ዓሣ ጫን አደረገችው። እርጥብ ነው። ፀሐዩ እንደ እሳት ይፋጃል። ማንም ሰው እርጥብ ዓሣ ከፀሐይ አያወርድም።

ዝናብ መምጣቱን ካላወቀ በቀር።

ሐጂው ሰዎቹን ለባሕር ሰጥቷል። ዓሣውን መስጠት ግን አልሆነለትም።

ሁለቱ ወረቀቶች አንድ የሆኑት ሁለቱም ውሸት ስለሆኑ ነው።

«ሸራ»።

ወደ ጀልባዎቹ ሮጠች። በረዶ ሻጩ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ጠበቃት። እጁ ላይ የበረዶ መውጊያው አለ።

«ወዴት?»

«እውነተኛው ወረቀት የት አለ?»

«አንብቢ ተባልሽ እንጂ አስቢ አልተባልሽም። ተመለሽ። አውቶቡስ ተሳፈሪ። ሁለታችንም እንኖራለን።»

«ሠላሳው ጀልባስ?»

«ባሕር ነው። ይወስዳል።»

«አላህን አትፈራም?»

ሰነዘረ።

እጇን አነሳች። ብረቱ መዳፏን በስቶ ወጣ።

ጮኸች። «ሴቶች! ሐጂ እርጥብ ዓሣ የሚያወርደው ለምንድነው?»

ሴቶቹ ዓሣ እንደታቀፉ ቆሙ። ባሏ ወይም ልጇ ለመውጣት ያልተዘጋጀ አንዲት የለችም። አንዷ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከዚያ ሁሉም ገባቸው።

«ሸራ»ን በቅርጫት መትተው ጣሉት። ሦስቱ ላዩ ላይ ተቀመጡበት። የቀሩት ዓሣቸውን እንደያዙ ወደ ጀልባዎቹ ሮጡ።

ገመድ እየተፈታ ነበር። ሽማግሌው ካፒቴን ካላሚያ ዓሣውን በጣቱ ቆንጠጥ አደረገው።

«ከማስጫው ወረደ?»

«አንድ ሳይቀር!»

ራቁቱን የቀረውን የማስጫ ቀርከሃ አየ።  የፈታውን ገመድ መልሶ አሰረ። ሠላሳውም አሰሩ። ወረቀት አምጡ ያለ የለም።

ጠባቂዎቹ ሲመጡ እውነተኛው ትንበያ ከ«ሸራ» ወገብ ተገኘ። በሁለተኛው ቀን ነፋስ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ማዕበል። ሐጂውና እሱ በአንድ መኪና ተጫኑ።

ሥራው አለቀ።

ሞክሌስን ፍለጋ የጠባቂዎቹ ጀልባ ወጣ። በማግስቱ ነፋሱ ፈላጊዎቹን ባዶ እጃቸውን መለሳቸው።

በአራተኛው ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ጆይቱን እውነተኛውን ትንበያ ይዛ ሮሼና ዘንድ ገባች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«አንቺ ነሽ የምታነቢው። ልጄ በስንተኛው ቀን ይመለሳል ይላል?»

ሮሼና ወረቀቱን ያዘች። የታሰረው መዳፏ ደማ።

«በአምስተኛው ቀን ባሕሩ ይረጋል ይላል።»

«እንግዲያው በአምስተኛው ይመጣል።» ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች። «ሩዝ እቀቅላለሁ። አንቺም ነይ።»

በአምስተኛው ቀን ባሕሩ ረጋ።

ወደ ቺታጎንግ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ረዳት ሮሼናን ስሟን ጠየቃት። ሌላ ስም ነገረችው። ሮሼና የምትባል ሴት ከዚያ ወዲያ የለችም።

አውቶቡሱ በዳርቻው አለፈ። ጆይቱን አሸዋው ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ታያለች። ፊቷ ሳህን ደርድራለች።

ሳህኖቹ ሦስት ነበሩ።