አንደኛው ቡችላ

ስህተቱ አንዲት አግድም ጭረት ነበረች። በእኛ በጃፓኖች ጽሕፈት «አንድ» አንድ ጭረት ነው፤ «ሁለት» ደግሞ ሁለት። እኔ አንዷን ዘለልኩ። ልብ ያልኩትም የውል ወረቀቱ ማኅተም ከደረቀ ከሃምሳ ቀን በኋላ ነው።

ወረቀቱ «ሁለተኛው ቡችላ ለወንዱ ውሻ ባለቤት ለኢሶቤ ይሰጣል» ማለት ነበረበት። እኔ ከእሱ ረቂቅ በእጄ ስገለብጠው «አንደኛው ቡችላ» ሆነ። ሦስት አራት ቢወለዱ ማን ይጣላ ነበር? የእንስሳት ሐኪሙ ራጅ ላይ የታየው ግን የአንድ ቡችላ አከርካሪ ብቻ ነው። የውሻችን የኡሜ ዳሌ ጠባብ ስለሆነ በቀዶ ጥገና እንደምትወልድ፣ ከዚያ በኋላም ዳግመኛ መውለድ እንደሌለባት ነገረን። ልጄ ቺዙሩ ከኡሜ የራሷን ዘር ልትጀምር ሁለት ዓመት ስትዘጋጅ ኖራለች። ያላት ተስፋ ያቺ አንዲት አከርካሪ ብቻ ሆነች።

ያን ዕለት ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥታ አነበበችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማዬ፣ ኢሶቤ ሁለተኛውን ነው ያሉኝ። ረቂቁ ላይ እንዲህ ብለው ነው የጻፉት?»

«እኔ ያየሁትን ነው የገለበጥኩት» አልኳት።

ረቂቁ፣ ከቀን መቁጠሪያ በተቀደደ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈው፣ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ቀድሜያት አይቼዋለሁ። ሁለት ጭረት፣ ቁልጭ ያሉ።

ሰውዬውን ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ሚስት የለውም። እዚሁ ማሩጋሜ ውስጥ ቀን ቀን ቀርከሃ እየሰነጠቀ ማራገቢያ ይሠራል፤ ማታ ቺን ከሚባለው የትንንሽ ውሾች ዘር ከአንድ ወንድ ውሻ ጋር ብቻውን ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ወይ በሽታ አለበት፣ ወይ ሌላ ከተማ ሚስት ደብቋል ስል ነበር።

ቺዙሩ ከፖስታ ቤት ሥራዋ ስትወጣ ሱቁ ድረስ ሄዳ ወንዱን ውሻ እንዲያውሳት የለመነችው ባለፈው የካቲት ነው። እንኳን ደህና መጡ እንኳ አላላትም።

«ለምንድን ነው ማራባት የፈለጉት?»

«ስለምወዳቸው።»

«ዘራቸውን ያበላሹት የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው። ጉልበትስ ተመርምሯል?»

«የማን? የእኔ?»

«የውሻዋ» አለ፣ ሳይስቅ።

ቺዙሩ ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን ወርውራ «ድርቅ ያለ ቀርከሃ!» እያለች ሰደበችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የኡሜን የጉልበት ምርመራ ውጤት ወሰደችለት። የልቧን ጠየቀ። ወሰደች። ዓይኗን ጠየቀ። በሦስተኛው «አሁንስ ምን ቀረ? የእኔን ጥርስ ላሳይዎት?» አለችው። ያኔ ሳቀ አሉ። እኔ አልነበርኩም፤ ብሆን ኖሮ እዚያው እጇን ይዤ አወጣት ነበር።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ መሄድ ጀመረች። ጥፍር መቁረጥ፣ ሚዛን መያዝ፣ ውሻዋ ወንድ የምትፈልግበትን ቀን መቁጠር አስተማራት። እጅጌዋ ላይ የቀርከሃ ስንጥር ተሰክቶ ትመለሳለች፤ እየነቀልኩ እጥላለሁ። አንድ ማታ በትንሿ የጭነት መኪናው አደረሳት። በመስኮት አየኋቸው። አይነጋገሩም፣ አይነካኩም፤ ሁለቱም ፊት ለፊታቸውን መስታወት ያያሉ። እንዲያ ሆነው ብዙ ቆዩ። የሚለው የሌለው ሰው ወርዶ ይሄዳል። ያን ቀን በእውነት ፈራሁ።

ቤታችን ሲመጣም ጫማውን አዞርበት ነበር። እንግዳ አውልቆ ሲገባ፣ ሲወጣ እንዳይቸገር የጫማውን ጫፍ ወደ በሩ ማዞር ወግ ነው። እኔ ግን ገና ሳይቀመጥ ነበር የማዞረው። ገብቶታል። አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ «ስለ ጥድፊያዎ አመሰግናለሁ» አለኝ። ባለጌ!

ራጁ ከተነሳ ከስምንት ቀን በኋላ ቡችላዋ በቀዶ ጥገና ተወለደች፤ ሴት ናት፤ መቶ አሥራ ሁለት ግራም። ኡሜ ከማደንዘዣው ስትነቃ ልጇን አላወቀቻትም፤ አጉረመረመችባት። ጡቷም ደረቅ ነበር። የዚያን ምሽት ኢሶቤ የዱቄት ወተትና ጠብታ መስጫ ይዞ መጣ። ቺዙሩ በሩ ላይ ቆመችበት።

«ንብረትህን ልትወስድ መጣህ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ስትለው ሰማሁ። በፍቅር ይመጣል ብዬ ስፈራው የኖርኩት ቃል በጥላቻ መጣ።

«ወተት ነው ያመጣሁት።»

«ወረቀቱ አንደኛው ቡችላ ያንተ ነው ይላል። ታውቅ ነበር?»

ኢሶቤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ጣለ።

«መጀመሪያ እናብላት» አለ።

አላስተባበለም። እኔም እጄን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ ረቂቁን ያዝኩ። ይኸው፣ ሁሉ ነገር እንደፈለግሁት ሆነ፤ ደስ ግን አላለኝም።

ሦስት ቀን እንዲያ ሆነ። ቀን ቀን ፈቃድ ወስዳ ቺዙሩ ታበላለች፤ ሱቁን ሲዘጋ እሱ ይመጣል። ጎን ለጎን ተንበርክከው እንደ ጠላት ነበር የሚነጋገሩት።

«መቶ አምስት።»

«ትናንት መቶ ስምንት ነበረች።»

«ቁጥር ማንበብ እችላለሁ።»

«አንገቷን ወደ ላይ አታቅኚ፤ ወተቱ ሳንባዋ ይገባል።»

«ያንተ ስለሆነች ነው የምትጮህብኝ?»

«አልጮህኩም።»

«ዝምታህ ይጮሃል!»

ግን ስታበላ ጠብታ መስጫውን ከታች በአንድ ጣቱ ይደግፍላታል። እሷም ጣቱን አትገፋውም። ሁለቱም አይተያዩም። እኔ አያለሁ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሞላ «በሩን ልቆልፍ ነው» እላለሁ። እሱም ይነሳል።

«ደህና ይደሩ፣ እማማ።»

«የማን እማማ? አንተን የወለድኩ አይመስለኝም።»

በሦስተኛው ምሽት ሚዛኑ መቶ አንድ አለ። ቺዙሩ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ እንባዋ ፎጣው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ኢሶቤ እጁን አንስቶ፣ መሃል ላይ አቁሞ፣ መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። በሰዓቱ አስወጣሁት። ልቆልፍ ስል ግን የአጥሩ በር ማዶ መኪናውን አየሁት። አልሄደም። ዝናብ ነበር። ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ምናልባት ብትጠራኝ ብዬ ነው።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም።»

የመኪናው መቀመጫ ላይ ብርድ ልብስና የፍል ውሃ ፔርሙስ ነበር። ተናደድኩ። ክፉ ሰው ክፉ ሆኖ ሲገኝ ይቀላል።

«ረቂቁን የጻፍከው አንተ ነህ። ሁለት ጭረት እንደነበረው ታውቃለህ። ለምን አልነገርካትም?»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከእኔ ጋር ብትጣላ ቤቷ ትመለሳለች። ከእርስዎ ጋር ብትጣላ የት ትገባለች?»

ዝናቡ ጃንጥላዬን ይደበድባል።

«ደግሞ» አለ፣ «ከእኔ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ያምራል። ማን ያምነኛል?»

«ውረድ» አልኩት። «ሳንባህ ሲታመም እዚህ መጥተህ አትሙትብኝ። ውረድ ብያለሁ!»

ገባን። ጫማውን ሲያወልቅ እጄ ልማዱ ሆኖ አዞረው። ረቂቁን ከሽርጤ አውጥቼ ቺዙሩ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«እማዬ፣ ይኼ ስንት ቀን ኪስሽ ውስጥ ቆየ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ቀን ሌባ ሳደርገው እያየሽ?»

«እንዳይወስድሽ ነው» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ቡችላዋን አይደለም።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን ወደ ኢሶቤ አዞረች።

«አንተስ? ከእናቴ ጋር እንዳልጣላ ማን ጠባቂ አደረገህ? እኔ ስሰድብህ ደስ ይልህ ነበር?»

«አይልም ነበር።»

«እንግዲያው ተናገር! ሰው ሲበደል አፍ አለው!»

«ፈራሁ» አለ። «እውነቱን ነግሬሽ ‹እናቴን ውሸታም አልክ› ብትዪኝ፣ እሑድ አትመጪም ብዬ ፈራሁ።»

ቺዙሩ አሁንም እንደተኮሳተረች ነው፤ ጆሮዋ ግን ቀላ። ቡችላዋ ሳጥኗ ውስጥ ሲጥ አለች። የመብላት ሰዓቷ ነበር። ቺዙሩ አንስታ በሁለት እጇ ሰጠችው።

«ወረቀቱ ያንተ ናት ይላል፤ ማኅተምም አለበት» አለች። «የት እንደምትኖር ግን አይልም።»

ኢሶቤ ቡችላዋን ደረቱ ላይ እንደያዘ ቺዙሩን አያት። ያን አስተያየት ልገልጸው አልችልም። እኔን ማንም እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።

አበሏት። አንገቷን ኢሶቤ ያዘ፣ ጠብታ መስጫውን ቺዙሩ ጨመቀች። ቡችላዋ ቀስ ብላ ዋጠች። ከዚያ ሚዛን ላይ አኖሯት።

«መቶ ሦስት» አለች ቺዙሩ።

የጨመረው የዋጠችው ወተት ነው ብዬ ልናገር ነበር። ነገም ልትቀንስ ትችላለች፤ ሰውም ከሠርግ በኋላ ይለወጣል። አፌን ዘጋሁ።

ኢሶቤ ሰዓቱን አይቶ ሊነሳ ጉልበቱን ያዘ። «ሦስት ሰዓት አልፏል፣ እማማ። ሊቆልፉ ነው መሰለኝ።»

«አዎ» አልኩ። «እሷ ለሁለት ሰዓት ትተኛ፤ አንተ ጠብቅ። ኋላ ትለዋወጣላችሁ።»

ወደ መግቢያው ሄድኩ። ጫማው እንዳዞርኩት ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ቆሟል፤ ከነዝናቡ። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ መለስኩት፣ ከቺዙሩ ጫማ አጠገብ። ከዚያ በሩን ቆለፍኩት።