እስከ ሦስተኛው ጠመዝማዛ

«ተነሳ እንጂ፣ ቨርነን። ሰው ያየናል።»

ቨርነን አልተነሳም። በቁልቁለቱ መንገድ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሥር ሆዱን እርጥብ አፈር ላይ ለጥፎ፣ ማቪስን በአንድ ዓይኑ ብቻ አያት። ሁለተኛውን መክፈት እንኳ ደክሞታል።

«አትፎግረኝ። ትናንት ሽኮኮ ስታይ ሮጠሃል።»

አልሮጠም ነበር። ጆሮውን ብቻ ነው ያቆመው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ማቪስ የውሻውን ማሰሪያ ለቀቅ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተዘረጋች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ግን ሰባ የሆናት ይመስላታል። ከቤት ከወጡ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ የሰፈሩባቸው የድንኳን ሰፈሮች አሥራ አንድ። ካልሲዋ ውስጥ አሸዋ አለ፣ ፀጉሯ ጭስ ጭስ ይላል፣ ሹራቧ ከተነከረ በኋላ ደርቆ አያውቅም። የኦሬገን ባሕር ዳርቻ ጉም ደግሞ ሹራብ ይደርቅ ዘንድ አይፈቅድም።

ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች። እናቷ ያሰመረችው ገጽ እንደ ሁልጊዜው ይጠብቃታል፦ ርቀት፣ መሬቱ፣ ውሃ አለ ወይ፣ ጥላ አለ ወይ፣ ማሰሪያ ግዴታ ነው ወይ። ከሁሉም ሥር አንድ መስመር አለ። የቨርነን ፍርድ።

ያን መስመር ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በውሻው ስም የምትጽፈው ማቪስ ናት። እናቷ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ትምህርት ሲዘጋ ልጇንና ውሻዋን ቫኑ ላይ ጭና ባሕሩን ተከትላ ትወርዳለች። ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው የት ቢያድር፣ በየትኛው መንገድ ቢራመድ እንደሚሻለው በየዓመቱ ትንሽ መጽሐፍ ታወጣለች። ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚገልጡት ፍርዱን ነው። «አሸዋው መልካም ነው» ብሎ ነበር ቨርነን አምና። «የሞተ ዓሣ አግኝቼ ተንከባለልኩበት። አብረውኝ ያሉት ሰዎች ግን የሽቶ ነገር አይገባቸውም።»

ዘንድሮ ቨርነን የሚፈርድበት ነገር የለውም። የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል። የእንስሳት ሐኪሙ ጉዞው ሊጀመር ሲል የዳሌውን አጥንት ዳብሶ «ሲደክመው ይንገራችሁ» አለ፤ ውሻ እንዴት እንደሚናገር ግን አላብራራም። እናቷ ያን ዕለት እየሳቀች «ቨርነን መራመድ ባቃተው ቀን እኛም በቃን። ያለ ውሻ የውሻ መጽሐፍ አይጻፍም» አለች። ማቪስ አልሳቀችም። በቃን ማለት ቫኑ ቀረ ማለት ነው። ቀሪውን ዓመት ሙሉ እናቷን የምታገኛት ሌሊት ከመውጣቷ በፊት ወይ ማታ ሶፋ ላይ ተኝታ ነው፤ እነዚህ ሳምንታት ብቻ ናቸው የሁለቱ።

ስለዚህ ደበቀችው። በየጠዋቱ ቨርነን ሊነሳ ሲታገል በእሱና በእናቷ መካከል ትቆማለች፤ የጫማ ክር የምታስር መስላ ጎንበስ ትልና ኋላውን በጉልበቷ ገፋ ታደርገዋለች። ሥራ ሲከፋፈሉ እናቷ ረጅሙን መንገድ ትወስዳለች፣ ማቪስና ቨርነን አጭሩን። ባለፉት አራት ሰፈሮች ግን አጭሩን መንገድ አንዴም አልጨረሱትም። ሦስት ጊዜ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ተመልሰዋል። ዛሬ አራተኛ ነው።

ሁለት ወጣቶች ላባቸው እየተንጠባጠበ ከታች እየሮጡ መጡ።

«መንገዱ እንዴት ነው?» አለች ማቪስ።

«ቀላል ናት! ተዝናኚ!» አለ አንደኛው ሳይቆም።

ማቪስ ጻፈች፦ መሬቱ ቀላል፤ ለሽማግሌም ለውሻም ይመቻል። የቨርነን ፍርድ፦ ታች ያለው አሸዋ እንደ አልጋ ነው። እኔ እዚያው ልቅር ብል እምቢ አሉኝ።

ቨርነን ተነፈሰ። ረጅም፣ የታዘበ ሰው የሚመስል አተነፋፈስ።

«ዝም በል» አለችው።

*

ሰፈራቸው ሲደርሱ እናቷ ዳርሲ አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ የእንጨት ጠረጴዛው ላይ እግሯን ሰቅላ፣ በአንድ እጇ ቋሊማ ትጠብሳለች።

«ተረከዜ አልቋል» አለች። «የእናንተ መንገድስ?»

«አሪፍ ነበር።»

«ቨርነንስ?»

«አልጋ ነው ብሏል።»

እናቷ ሳቀች፤ ሳቋም የደከመ ነበር። ከጎናቸው ካለው ሰፈር አንድ ሽማግሌ የታጠፈ ወንበራቸውን ይዘው፣ አፏ የሸበተ ወፍራም ውሻ እየጎተቱ መጡ። ውሻይቱ ትጎትታቸው ነበር ማለትም ይቻላል፤ ሁለቱም አይቸኩሉም። ሚስተር ሃልቮርሰን ይባላሉ። በወጣትነታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ አሁን ከውሻቸው ከዶሊ ጋር በአንዲት ተጎታች ቤት ይዞራሉ።

«የውሻውን መጽሐፍ የምትጽፊው አንቺ ነሽ ተባልኩ» አሏት ዳርሲን። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ዶሊ እርጥብ አሸዋ ትወዳለች። በሄድኩበት ሁሉ ገመድ ተወጥሯል፣ ወፎቹ እንቁላል ላይ ናቸው፣ ውሻ አይገባም ይሉኛል። እዚህ ግን ታች ባለችው ትንሽ ባሕር ዳርቻ ይፈቀዳል አሉ። መንገዱ እንዴት ነው?»

«ከጠየቁ አይቀር ከሄደ ሰው ነው!» አለች እናቷ። «ማቪስ ዛሬ ነው የወረደችው። አንብቢላቸው።»

«ገና አላረምኩትም» አለች ማቪስ።

«አንብቢ ባክሽ፣ አትኩሪ።»

አነበበች። ቨርነን ጠረጴዛው ሥር ተኝቶ የራሱን ስም ሲሰማ ጭራውን አንዴ መሬት ላይ መታ። ሚስተር ሃልቮርሰን አልጋውን ሲሰሙ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ደረጃስ አለው?» አሉ ሳቃቸውን ሲጨርሱ። «ቁልቁለቱን እንችለዋለን፣ ቀስ እያልን። ደረጃ ግን ለእሷም ዳሌ፣ ለእኔም ጉልበት አይሆንም። ሠላሳ ኪሎ ውሻ ተሸክሜ የምወጣበት ዘመን አልፏል።»

ማቪስ ዶሊን አየች። ከዚያ እናቷን። እናቷ በስስት ታያት ነበር፤ ማታ ሶፋው ላይ ተኝታ የማታያትን ዓይነት አስተያየት።

«የለውም» አለች።

«ተባረኪ። እንግዲህ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባሕሩ ሲሸሽ እንወርዳለን።»

ሲሄዱ እናቷ ፀጉሯን አሻሸቻት። «አየሽ? ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ነው የምንለፋው።»

ማቪስ ቋሊማዋን ጠረጴዛው ሥር ለቨርነን ወረወረችለት።

*

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ከጥዶቹ እየተንጠባጠበ ነበር። ማቪስ ደህና አልተኛችም። ፒጃማዋን እንደለበሰች፣ ነጠላ ጫማ አጥልቃ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ጥርሷን እየቦረሸች ከመስታወቱ ጎን የተሰቀለውን የአካባቢውን ካርታ ልብ ሳትል ታየው ነበር። አጭሩ መንገድ በቀይ ነጠብጣብ ተስሏል። አንደኛው ጠመዝማዛ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ወንበሩ። ከዚያ በኋላ ነጠብጣቡ ይቆምና እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ምልክት ይተካዋል። አጠገቡ ተጽፏል፦ ወደ አሸዋው 214 የእንጨት ደረጃ። ሲረጥብ ያንሸራትታል።

ቡርሹ አፏ ውስጥ ቆመ።

በመስኮት አየች። የሚስተር ሃልቮርሰን ወንበር ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። የዶሊ የውሃ ሳህን ተገልብጧል።

ማቪስ ሮጠች። ነጠላ ጫማ ለሩጫ አልተሠራም፤ አንዱ ሁለት ጊዜ አመለጣት፣ ሁለት ጊዜ ተመልሳ አነሳችው። ደግነቱ የምታሳድዳቸው ሁለት ሽማግሌዎችን ነበር። ገና አንደኛውን ጠመዝማዛ ሳያልፉ ደረሰችባቸው።

«ሚስተር ሃልቮርሰን! ይቁሙ!»

ዞሩ። ዶሊም ዞረች፣ ከእሳቸው ትንሽ ዘግይታ።

«ምን አሳደደሽ? ድብ ነው?»

«ደረጃ አለው።»

«ምን አለው?»

«መንገዱ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረጃ። ሲረጥብ ያንሸራትታል።»

ሽማግሌው ቀና ብለው የሚንጠባጠበውን ጥድ አዩ። ከዚያ እሷን።

«ትናንት የለውም አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ዓይን ዓይኔን እያየሽ።»

«ጆሮዎን ነበር የማየው» አለች። ምላሷን ልትነክስ ቃጣት፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

አልሳቁም። ማቪስ በእጇ ጀርባ አገጯ ላይ የደረቀውን የጥርስ ሳሙና ጠረገች።

«አልወረድኩም» አለች። «ቨርነን ከሦስተኛው ጠመዝማዛ አላለፈም። ከዚህ በፊትም ሦስት መንገድ አልሄድንም። የጻፍኩት ፈጠራዬን ነው። ቀላል ናት ያሉኝ ሁለት ሯጮች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እንደ ፍየል የሚዘሉ ናቸው።»

«ታች ደርሰን፣ ዶሊ መውጣት አቅቷት፣ ባሕሩ ቢመለስብንስ?»

ማቪስ ወደ ቁልቁለቱ አየች። እስከዚያች ሰዓት ተመልሶ ስለ መውጣቱ አላሰበችም ነበር፤ ሲወርዱ ብቻ ነበር የታያት።

«እኛ ባሕር ላይ» አሉ ሚስተር ሃልቮርሰን «አልሄድኩበትም የሚል ሰው እናከብር ነበር።» ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር። ማሰሪያውን እጃቸው ላይ አንዴ ጠመጠሙት፣ መልሰው ፈቱት። «እስከ ሦስተኛው ጠመዝማዛስ? እሱንስ ታውቂዋለሽ?»

«እሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ።»

«በይ ንገሪኛ።»

«እዚህ ጋ የወጣ ሥር አለ፣ ዶሊን በግራ ያሳልፏት። ሁለተኛው ላይ ጭቃ ነው፣ ግን ጥልቅ አይደለም። ወንበሩ ላይ በቀኝ በኩል አይቀመጡ፣ ስንጥር አለው፣ እኔ ላይ ገብቷል። ከፊት ለፊቱ በሁለት ጥዶች መካከል ክፍተት አለ፤ ጉሙ ሲነሳ ባሕሩ ይታያል። ሳይነሳም ሽታው ይመጣል። ቨርነን እዚያ ሲደርስ አፍንጫውን ያነሳል። ሌላ ምንም አያነሳም፣ አፍንጫውን ግን ያነሳል።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የዶሊን ማሰሪያ አስተካከሉ።

«ይሄን ነበር ማንበብ የነበረብሽ» አሉ። «እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እህ» አሉ። ዶሊን በግራ በኩል አሳልፈው፣ ቀስ እያሉ ወደ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ሄዱ።

*

እናቷ ቫኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ተረከዟ ላይ ፕላስተር ትለጥፋለች። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው።

«በፒጃማ የት ጠፋሽ? ፈልጌሽ ነበር» አለች። «ስሚ፣ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የቀረን። እኔ ጫካውን፣ እናንተ ለመርከቦች የምታበራዋን የመብራት ማማ። ከዚያ ወደ ቤት፣ ሙቅ ሻወር። ምን ትያለሽ?»

ማቪስ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው ሥር ጣለች።

«ቨርነን! ና፣ የኔ ሽማግሌ። ተነሳ፣ ሥራ አለ።»

ቨርነን ከጠረጴዛው ሥር ሰማት። እሷ ስትጠራው ቀርቶ አያውቅም። የፊት እግሮቹን ዘረጋ፣ ደረቱን አነሳ። ኋላው ቀረ።

ማቪስ ቦታዋን ታውቃለች። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ ከዚያ ጎንበስ፣ ከዚያ ጉልበት። እግሯ ራሱ ሊሄድ ተነሳ።

ቆመች። እጆቿን የፒጃማዋ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ቨርነን አንዴ ሞከረ። ጥፍሮቹ ጠጠሩን ቧጠጡ፣ ዳሌው ተነሳ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወደቀ። ወደ ማቪስ ዞሮ አያት፤ የት ሄድሽ እንደማለት። ዓይኗ ሞላ፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም። እንደገና ሞከረ።

የፕላስተሩ ወረቀት ከእናቷ እጅ ወደቀ።

ዳርሲ በአንድ እግር ጫማ መጥታ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከች። መዳፏን ከቨርነን ዳሌ ሥር አስገባች፣ ሳታነሳው፣ እንዲሁ ያዘችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ከሁለተኛው ሰፈር።»

«አንቺ ነሽ ስታነሺው የነበርሽው።»

«በጉልበቴ።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች፤ የቁጣ ይሁን የሌላ ነገር አልታወቀም። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አለችና የቨርነንን ራስ ጭኗ ላይ አስደገፈችው። አርባ ልጅ አውርዳ የጨረሰች ሾፌር ትመስል ነበር። ስለ መብራት ማማው አላነሳችም።

ማቪስ ደጃፉ ላይ የቀረውን ደብተር አነሳች። ያልጨረሷቸውን የአራቱን መንገዶች ገጾች አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው፤ እናቷ እያየቻት። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ከተሰረዘው ሥር ቦታ ፈልጋ፣ እርሳሱን በምላሷ አርጥባ ጻፈች።

የቨርነን ፍርድ፦ እስከ ሦስተኛው ጠመዝማዛ። ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም።