በበር የገባችው እንግዳ

የሟቹ ፊት በእርጥብ ነጠላ ተሸፍኗል። ከነጠላው የሚንጠባጠበው ውሃ በትራሱ ጠርዝ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተጠራቅሟል። ከበሩ አንሥቶ እስከ አልጋው ድረስ የባዶ እግር እርጥብ ዱካ ይታያል፤ የሚገባ እንጂ የሚወጣ ዱካ ግን የለም።

ዋና ኢንስፔክተር በየነች በሩ ላይ ቆማ ዱካውን ተመለከተች። አማን ከተማ ላይ ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ አሁንም ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሳጅን አሕመዲን ከኋላዋ ኮሪደሩ ላይ ቀርቷል።

«ምነው፣ አትገባም እንዴ?» አለችው።

«ኢንስፔክተር፣ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ መጥታ ነው እያለ ነው።»

«ማን?»

«ንጋት ናታ።»

በየነች አልሳቀችበትም። ንጋት በሕይወት ያለች ሰው አይደለችም። «የዝናብ እንግዳ» በሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ የምትታይ፣ ወንዝ የወሰዳት ልጅ መንፈስ ናት። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃዋን እያንጠባጠበች ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ የበደላት ሰው ካገኘችም እርጥብ ነጠላዋን ፊቱ ላይ ጥላበት ትሄዳለች። ሚዛንም አማንም ይህን ድራማ እንደ ገዛ ጉዳያቸው ነበር የሚከታተሉት፤ ጸሐፊው በዛብህ የዚሁ አገር ልጅ ነዋ። አሁን እዚህ እህቱ ቤት፣ በእንግዳ ክፍሉ አልጋ ላይ የተጋደመውም እሱ ነው።

በየነች ባሏን ከቀበረች ወዲህ እሑድ ከሰዓት ይህን ድራማ ሳታይ ቀርታ አታውቅም። የሞተ ሰው እንኳ የቤቱ መንገድ አይጠፋውም የሚለው ነገር ልቧን ያሳርፈው ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ ሲጀምር ግን ንጋት ድምጿ ጠፋ። መንፈስ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ እናትየዋ በሐዘን ብዛት ያየችው እንደነበረ ተነገረ። ከዚያ ወዲያ ድራማው አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ያዘ፤ ልጅቷ በዚያ ዝናብ ከማን ሸሽታ ነው ወደ ወንዙ የወረደችው? ተመልካቹ ተቆጣ፤ በየነችም ራሷ ተናድዳ ቴሌቪዥኑን የዘጋችበት ቀን ነበረ። አሁን የቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነው።

አስከሬኑን ሊመረምር የመጣው ሐኪም ነጠላውን ገለጥ አድርጎ የሟቹን የዓይን ሽፋን አሳያት። «ይመልከቱት፤ ውስጡ ደም ነጠብጥቧል። በትራስ ታፍኖ ነው የሞተው። ነጠላው የተጣለበት ከሞተ በኋላ ነው።»

በየነች መስኮቱ ዘንድ ሄደች። መወርወሪያው ተቀርቅሯል፤ ደፉ ላይ ያለው አቧራም ደረቅ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ባልዲ ግን ውሃው ጎድሎ፣ አጠገቡ ያለው ወለል ረጥቧል።

«መንፈስ ከባልዲ ውሃ አይቀዳም» አለችው ለአሕመዲን። ድምጿ ግን እንደፈለገችው አልጠነከረላትም።

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየችው ህሊና የምትባል ወጣት መምህርት ናት። ሳሎን ውስጥ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች።

«ከሦስት ሳምንት በፊት ፌስቡክ ላይ ‹ንጋትን ሁለተኛ ገደላት፤ እሱንም ውሃ ይውሰደው› ብለሽ ጽፈሻል» አለቻት በየነች።

«ጽፌያለሁ።»

«ዛሬስ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ልጠይቀው።» ህሊና እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እናቴ ስትሞት ፈተና ላይ ነበርኩ፤ አልደረስኩላትም። አላለቀስኩም። ማልቀስ የቻልኩት ንጋት እየመጣች እናቷ ደጅ ወጥታ ስትቀበላት እያየሁ ነው። ታዲያ እሱ ብድግ ብሎ ‹ሁሉም ውሸት ነበር› ሲለኝ ምን ላድርግ? ለምን እንዲህ አደረግክ ብዬ ልጠይቀው ከኸይሩ ሻይ ቤት በቀጥታ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ብጠራ የሚመልስ የለም። ስገባ…» ስልኩን ዘረጋችላት። «ዱካውን ፎቶ አነሣሁት። ለምን እንዳነሣሁት አላውቅም።»

በፎቶው ላይ ዱካው ገና ትኩስ ነው። አጭር ነው፤ ጣቶቹና የእግሩ መዳፍ እንጂ ተረከዝ አይታይም።

«ንጋት በየት ነው የምትገባው?» አለቻት በየነች ሳታስበው እንደጠየቀ ሰው።

«በመስኮት ነዋ!» አለች ህሊና እንደመቆጣት ብላ። «በሁለተኛው ምዕራፍ እናቷ ‹በበሬ እንዳትገቢ› ብላ ከረገመቻት ወዲህ በበር ገብታ ታውቃለች? ተማሪዎቼ እንኳ ዝናብ ሲመጣ የክፍሉን መስኮት ካልዘጋን ይላሉ እኮ…» ቃሉ አፏ ላይ ቆመ። ወደ ፎቶው፣ ከዚያ ወደ በየነች አየች።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት በየነች።

ወዲያው የበየነች ስልክ ጮኸ። የዞኑ ኮማንደር ነበሩ። «ልጅቷ ዛቻዋን በገዛ እጇ ጽፋዋለች፤ አስከሬኑ ዘንድ የተገኘችውም እሷ ናት። ምን ትጠብቂያለሽ? ከተማው ሳይረበሽ ዛሬውኑ ትታሰር!»

«ዛሬውኑ ገዳዩን እሰጥዎታለሁ» አለች በየነች። «ገዳዩ ግን እሷ አይደለችም።»

የኸይሩ ሻይ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው፤ በዝናብም ቢሆን ሮጥ ብሎ የሚደረስበት። እሑድ እሑድ ሰፈሩ በሙሉ ድራማውን የሚያየው እዚያ ነው። ኸይሩን የብርጭቆ ስባሪ ሲጠርግ አገኘችው።

«ከበዛብህ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል» አለችው።

«ተጣልቼዋለሁ! ማን ያልተጣላው አለ?» አለ ኸይሩ መጥረጊያውን አቁሞ። «ትናንት እዚህች ወንበር ላይ አስቀምጬ ‹ወንድሜ፣ ይቺን ልጅ የት ከተትክብን?› አልኩት። ‹ኸይሩ፣ ታገሠኝ፤ ገና እክሳችኋለሁ› አለኝ። የቀዳሁለትን ሻይ እስኪቀዘቅዝ አልነካውም። አላህ ይዘንለት፤ ፊቱን ሳየው የታመመ ነበር የመሰለኝ።»

«ዛሬ እዚህ ሲጮህ ነበር ይባላል፤ ምን ሆኖ ነው?»

«ንዴት ነዋ! ክፍሉ ሲያልቅ ንጋት ዛሬም ብቅ ሳትል ቀረች። ቤቱ ግልብጥብጡ ወጣ። ብርጭቆ የወረወረም ነበር። ህሊናም ያኔ ነው እየሮጠች የወጣችው። እኔ ከመደርደሪያዬ አልተነቃነቅሁም፤ የፈለጉትን ይጠይቁ።»

«እህቱስ?»

«እትዬ የዓለምዘርፍ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ከጀመረ እስኪያልቅ አለቀሰች።»

«ባለቤቷ አቶ ዓባይነህስ?»

ኸይሩ ትከሻውን ሰበቀ። «ከኋላ ሰው በሰው ላይ ነበር። ማን እንዳለ አላየሁም።»

የዓለምዘርፍ የሟቹ ታላቅ እህት ናት። ጎረቤቶች ከበዋት መኝታ ቤቷ ተቀምጣለች። በየነች ሴቶቹን ለጥቂት ጊዜ እንዲወጡ ለምና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ነጠላው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። ዝናቡ ሳይመጣ ከገመድ ሰብስቤ፣ አጣጥፌ እዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼው ነበር።» ወደ ቁም ሣጥኑ አየች። «ንጋት ማን እንደሆነች ያውቃሉ? ሳባ ናት። ታናሽ እህታችን። እኛ ቤት ተቀምጣ ኮሌጅ ትማር ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን እኔ አሞኝ ተኝቼ፣ እሷ ያለ ጫማ ወጣች። ወንዙ ወሰዳት። ለምን ያለ ጫማ እንደወጣች ዛሬም አላውቅም።»

ከውጭ የዝናቡ ድምፅ በረታ።

«በዛብህ አልቅሶ ስለማይወጣለት ጻፋት» አለች የዓለምዘርፍ። «አሁን ደግሞ ከመጨረሻው ክፍል በፊት የምነግርሽ ነገር አለ ብሎ ነው የመጣው። ዛሬ ማታ እነግርሻለሁ አለኝ።»

ዓባይነህን በረንዳ ላይ አገኘችው። ቡና የሚያስፈልፍል፣ በአካባቢው የሚከበር፣ ሽምግልና የማይቀርበት ሰው ነው። ልብሱ ደረቅ፣ ጫማው የተወለወለ።

«ለድራማ ተብሎ ሰው ይገደላል?» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ምን ዓይነት ዘመን ላይ ደረስን?»

«እርስዎስ ይከታተሉት ነበር?»

«እንደ ማንም። ዛሬም ሻይ ቤት ከኋላ ቆሜ ነበር።»

«ክፍሉ እንዴት ነበር? እኔ አምልጦኛል።»

«ያው የተለመደው ነው። ያቺ ነጭ ለባሽ ብቅ ስትል ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። እኔ ትልቁ ሰውዬ እንኳ ክው አልኩ።»

በየነች አመሰገነችውና ወደ ውስጥ ገባች።

ጥቂት ቆይቶ አራቱም ሳሎን ተሰበሰቡ። የዓለምዘርፍ ሶፋው ላይ፣ ዓባይነህ አጠገቧ፣ ኸይሩ በሩ ጥግ፣ ህሊና ከሁሉም ርቃ። አሕመዲን በሩን ዘጋ።

«በዛብህ የተገደለው ድራማውን የሚያውቅ ሰው ያደረገው እንዲመስል ተደርጎ ነው» አለች በየነች ቆማ። «ከተማው ሁሉ ተናድዶበታል፤ የዛተበትም አለ። ስለዚህ ዱካ ተሠራ፣ ነጠላ ተነከረ። ግማሹ ሰው መንፈስ ነው እንዲል፣ ሌላው ደግሞ ተመልካቾቹን እንዲጠረጥር። ግን ዱካውን የሠራው ሰው በበር አስገባት።»

ኸይሩ ደነገጠ። «በበር? ንጋትን?»

«አያችሁ፣ ኸይሩ ወዲያው ገባው። ህሊናም ወዲያው ገብቷታል። ተናድዶ የሚገድል ተመልካች ቢኖር ኖሮ መስኮቱን ይከፍት ነበር። ይህን ያደረገው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ አይቶ የተወ ሰው ነው። ነጠላውም ከገመድ ላይ የተሰረቀ አይደለም፤ ከባለቤቶቹ መኝታ ቤት፣ ከቁም ሣጥን የወጣ ነው። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው ያወጣው። እትዬ የዓለምዘርፍን ደግሞ ክፍሉ እስኪያልቅ ሻይ ቤቱ በሙሉ አይቷታል።»

ዓባይነህ እግሩን አነባበረ። «እኔም እዚያው ነበርኩ አልኩዎት እኮ።»

«ብለውኛል። ንጋት ብቅ ስትል ቤቱ በጩኸት ተናወጠ ነው ያሉኝ።»

«አዎ።»

«ንጋት በዚህ ምዕራፍ አንድም ቀን ብቅ ብላ አታውቅም፣ አቶ ዓባይነህ።»

በየነች ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«የተጮኸው እሷ ስለቀረች ነው። የንዴት ጩኸት ነበር። ሻይ ቤት የነበረ ሕፃን እንኳ ይህን አይስተውም። እርስዎ ግን ጩኸቱን የሰሙት መንገዱን ተሻግሮ ሲመጣ ነው፤ እዚህ ቤት፣ ከአስከሬኑ ጋር ሆነው። የፍርሃት መሰለዎት።»

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ ዓባይነህ።

በየነች የህሊናን ስልክ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ዱካው ተረከዝ የለውም። ትልቅ እግር የሴት እንዲመስል በጣቱ የተራመደ፣ ሲወጣም እግሩን ያደረቀ ሰው ነው። የጣቶቹ ስፋት ግን አልተደበቀም። ጫማዎን አውልቀው እርጥብ እግርዎን እዚህ ወለል ላይ ያሳርፉልኝና እናስተያየው።»

ዓባይነህ እግሩን ወደ ሶፋው ሥር ሰበሰበ።

«አውልቅ» አለች የዓለምዘርፍ።

ዞር ብሎ አያት።

«አውልቅ እንጂ! ምን ያስፈራሃል? አውልቅ!»

እጁ እስከ ጫማው ማሰሪያ ወርዶ እዚያው ቀረ። ሲናገር ወለሉን እያየ ነው። «ሳባ ቀድሞም አስቸግራት እንደነበር ለጓደኛዋ ነግራት ኖሯል። ያቺ ጓደኛዋ ይህን ሁሉ ዘመን ፈርታ ዝም ብላ፣ ባለፈው ዓመት ለበዛብህ ነገረችው። ዛሬ ሁላችሁ ስትወጡ ጠርቶ ‹ዛሬ ማታ ለእህቴ ራስህ ንገራት፤ እምቢ ካልክ እኔ እነግራታለሁ፤ በመጨረሻው ክፍልም አገር ያውቀዋል› አለኝ። ራሴን አመመኝ ብሎ ጋደም ሲል…»

«ሳባን ምን አድርገሃት ነው?» አለች የዓለምዘርፍ በቀስታ።

«ያን ቀን እጄን ሰደድኩባት። አልነካኋትም፤ አምልጣኝ ወጣች። ‹ተመለሺ› እያልኩ እስከ ወንዙ ተከተልኳት። ገባች።»

የዓለምዘርፍ ከጎኑ ተነሥታ ሄዳ ህሊና አጠገብ ተቀመጠች። አሕመዲን ዓባይነህን ይዞ ሲወጣ ቀና ብላ አላየችውም።

ህሊና ወደ በየነች ዞረች። «በዛብህ መንፈሷን ያጠፋው ለዚህ ነው?»

«ወንዝ ወሰዳት ብሎ ያመነ ጊዜ በናፍቆት ጻፋት» አለች በየነች። «ያሳደዳትን ሰው ካወቀ በኋላ ግን መንፈስ መጻፍ አልሆነለትም።»

«እኔ ደግሞ ውሃ ይውሰደው አልኩት።»

የዓለምዘርፍ እጇን ያዘቻት። «አላነበበውም። እሱ እነዚያን ነገሮች አያነብም ነበር» አለቻት። በየነች ይህ እውነት ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ መጠየቅም አልፈለገችም።

ከቀብሩ በኋላ የዓለምዘርፍ ማሻ ልትሄድ ተነሣች። እናታቸው እዚያ ናቸው፤ እርጅናቸው ተፈርቶ የበዛብህ መርዶ ገና አልተነገራቸውም። ሳባንም አዳልጧት ወንዝ እንደገባች ነው የሚያውቁት። በየነች መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት።

«የሁለት ልጆቿን ሞት በአንድ ቀን ልነግራት ነው» አለች የዓለምዘርፍ። «ከየትኛው እንደምጀምር አላውቅም።»

«ብቻዎን አይሂዱ። ሰው ልስጥዎት።»

«ሰው አለኝ።»

በቴፒ በኩል የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ህሊና የመስኮቱን ወንበር ለቅቃ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃታለች። የዓለምዘርፍ ገብታ ተቀመጠች። ረዳቱ በሩን ሲስበው ህሊና የራሷን ነጠላ አውልቃ ትከሻዋ ላይ ደረበችላት፤ የማሻ ደጋ ይበርዳል። ሚኒባሱ ተነሣ።

በየነች ከዓይኗ እስኪሰወር ቆማ አየችው፤ ከዚያ በሳባ ሞት እንደ አዲስ መዝገብ ልታስከፍት ወደ ጣቢያው በእግሯ ሄደች።